የመኪና ናቪጌሽን ካርታ ማሳደስ ወይስ ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ መግዛት፦ ዝርዝር መመሪያ

ናቪጌሽን ከፋብሪካ ተገጥሞለት የመጣ መኪና ያለው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ስክሪኑ ይበራል፣ ድምፁም ይሰማል፤ ካርታው ግን አዲሱን መንገድ አያውቅም። አቅጣጫው የተቀየረውን ጎዳና እንደ ቀድሞው ያሳያል፤ አልፎ አልፎም መኪናው አስፋልት ላይ እየሄደ ቀስቱ ባዶ ሜዳ ላይ ሲጓዝ ይታያል። ባለቤቱ በዚህ ጊዜ ካርታውን ከፍሎ ሊያሳድስ፣ ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ ሊገዛ ወይም ስክሪኑን ጨርሶ ሊያስቀይር ይችላል። ሦስቱም ገንዘብ ያስወጣሉ፤ ሦስቱም ለአንዱ መኪና ትክክለኛ መፍትሔ፣ ለሌላው ደግሞ ባዶ ወጪ ናቸው።

ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይኖርብዎታል፦ መሣሪያው ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተሠራ፣ በውስጡ ያለው ካርታ የየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ እንዲሁም ጉድለቱ በእርግጥ የካርታ መሆኑን። ምርመራውን ያለ ባለሙያ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ማከናወን ይቻላል። መመሪያው በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚያሽከረክሩ ወገኖችም፣ ከጃፓን፣ ከዱባይ ወይም ከቻይና በመጣ መኪና ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚንቀሳቀሱም የተዘጋጀ ነው። የኋለኞቹ ችግር የተለየ ስለሆነ ለብቻው ሰፋ ተደርጎ ተብራርቷል።

ደረጃ 1፦ ጉድለቱ ከየት እንደሆነ መለየት

መኪናውን ከፎቅና ከዛፍ ራቅ ወዳለ ግልጽ ቦታ ወስደው ሞተሩ እንደተነሳ አምስት ደቂቃ ያህል ያቁሙት። ከዚያም ለረጅም ዓመታት ሳይለወጥ የቆየና በደንብ የሚያውቁት ዋና መንገድ ላይ ይንዱ። ቀስቱ በዚህ አሮጌ መንገድ ላይ በትክክል እየሄደ አዲሶቹን መንገዶች ብቻ የማያውቅ ከሆነ ጉድለቱ የካርታው ነውና ማሳደስ ይረዳል። በአሮጌው መንገድ ላይም ወደ ጎን የሚያፈነግጥ፣ የሚዘገይ ወይም ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ችግሩ የሳተላይት መቀበያው ነው፤ አዲስ ካርታ ቢጫንም ለውጥ አያመጣም።

የመቀበያ ችግር ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይፈታል። ቴፑን አስቀይረው አንድሮይድ ስክሪን ባስገጠሙ መኪኖች ላይ፣ ከስክሪኑ ጋር የመጣችው የክብሪት ሳጥን የምታህል ጥቁር አንቴና ዳሽቦርዱ ውስጥ ከብረት ሥር ተጥላ ትገኛለች፤ አንዳንዴም ሶኬቷ ሳይሰካ ዳሽቦርዱ ተዘግቶባታል። አንቴናዋ ሰማይ በሚታይበት በኩል፣ ከመስታወቱ ጥግ ወይም ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ሥር፣ ፊቷ ወደ ላይ ሆኖ መቀመጥ አለባት። ብረትነት ያለው ፊልም የተለጠፈበት የፊት መስታወትም የሳተላይቱን ሲግናል ያዳክማል።

ከፋብሪካ የተገጠመ ናቪጌሽን ከሳተላይት በተጨማሪ የጎማውን ዙር የሚቆጥር ሴንሰርና መታጠፍን የሚለካ ጃይሮስኮፕ ይጠቀማል። ዋሻ ውስጥ ወይም ከድልድይ ሥር ሲገባ ቦታውን የማይስተው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእኔ ግምት ተንቀሳቃሾቹ በቀላሉ የማይደርሱበት ትልቁ ብልጫውም ይህ ነው። ይሁን እንጂ የተለየ መጠን ያለው ጎማ ከተገጠመ በኋላ የርቀት ስሌቱ ሊዛባ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከቅንብሮቹ ውስጥ የጎማ ለውጥ ወይም ማስተካከያ የሚለውን ፈልገው ያስጀምሩት፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ይገኛል።

ሰዓቱ ወይም ቀኑ በብዙ ዓመታት ወደ ኋላ የተመለሰ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በነባሩ መልእክታቸው ሳምንትን የሚቆጥሩት እስከ 1024 ብቻ ነው፤ ከዚያ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ቆጠራው እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 1980 ጀምሮ፣ ነሐሴ 1999 እና ሚያዝያ 6 ቀን 2019 ዞሯል፤ የሚቀጥለው ኅዳር 2038 ነው። ይህን ዙር በትክክል እንዲያስተናግድ ያልተሠራ የቆየ መሣሪያ በሃያ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይመለሳል። በጥር 2022 የብዙ ቆየት ያሉ ሆንዳና አኩራ መኪኖች ሰዓት 2002 ዓመትን ማሳየቱ የዚህ ዓይነት ችግር ነበር። መድኃኒቱ አምራቹ የሚያወጣው የሶፍትዌር ማሻሻያ ስለሆነ፣ ለዚህ ብለው ካርታ አይግዙ።

ደረጃ 2፦ መሣሪያውን ማወቅ

ከቅንብሮች ውስጥ ስለ ሲስተሙ ወይም ስለ ካርታው የሚያትተውን ገጽ ይክፈቱና ስክሪኑን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። የካርታው ክልል፣ የካርታው ዓመት ወይም እትም፣ የሶፍትዌሩ ቁጥር በአንድ ላይ የሚገኙት እዚያ ነው። በካርታው ላይ የተጻፈው ዓመት ካርታው የወጣበት እንጂ መንገዶቹ የተጠኑበት አለመሆኑን ልብ ይበሉ፤ መረጃው ብዙ ጊዜ ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ይቀድማል።

ቀጥሎ መድረሻ መፈለጊያው ላይ የአገሮቹን ዝርዝር ይክፈቱ። የሚነዱበት አገር ከዝርዝሩ ከሌለ የዚያኑ ክልል አዲስ እትም መግዛት የሌለውን አገር አያመጣም። ይህች ትንሽ ፍተሻ ብዙ ገንዘብ ስለምታድን ሳይሠሯት ወደሚቀጥለው ደረጃ እንዳያልፉ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከዚያም ካርታው በምን ላይ እንደተቀመጠ ይለዩ። እ.ኤ.አ. እስከ 2010 አካባቢ በተሠሩት ላይ ዲቪዲ ይበዛል፤ ማጫወቻው ከስክሪኑ ጀርባ፣ ከወንበር ሥር ወይም ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ ኤስዲ ካርድ ወይም ውስጣዊ ማከማቻ ሲሆን፣ አዳዲሶቹ በኢንተርኔት ራሳቸውን ያድሳሉ። በመጨረሻም የመኪናውን መለያ ቁጥር ከሊብሬው ወይም ከፊት መስታወቱ ሥር ይቅዱ። ለአሜሪካ፣ ለአውሮፓና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራ መኪና 17 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ግን የሞዴል ኮድና ተከታታይ ቁጥር ብቻ ያለበት አጭር የሻንሲ ቁጥር ነው ያለው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የወጣው ባለ አንድ ሊትር ቪትዝ በኬኤስፒ 90 ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ቁጥር የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ የአምራች ድረ ገጽ አይቀበለውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ መኪኖች

ለጃፓን ገበያ ተሠርተው፣ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ በገቡ መኪኖች ላይ ያለው ናቪጌሽን የጃፓንን ካርታ ብቻ የያዘ ነው። መኪናው በተነሳ ቁጥር በጃፓንኛ የምትናገረው ሴት ድምፅ ብዙ ጊዜ የምትለው የጃፓን የመንገድ ክፍያ ካርድ አልገባም ነው፤ የመኪና ብልሽት እያስጠነቀቀች አይደለችም። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ የኢትዮጵያን ካርታ እጭናለሁ ለሚልዎ ሰው ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት፣ እርሱ በጫነበት ሌላ መኪና ላይ መንገድ ሲመራ በዓይንዎ ይዩ።

እንዲህ ካለው መሣሪያ ጋር ሲኖሩ የሚያስፈልግ አንድ ጥንቃቄ አለ። በብዙ የቶዮታ መሣሪያዎች ላይ ስክሪኑ ሲወርድ ከኋላው የሚታየው ኤስዲ ካርድ ካርታውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያው የሚሠራበትን ፕሮግራም ይዟል። ካርዱን አውጥቶ ዘፈን መጫን ወይም ፎርማት ማድረግ ሬዲዮውን ጭምር ያዘጋል። ባትሪ በሚፈታበት ጊዜም አንዳንዶቹ የደኅንነት ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ቁጥሩን የሚያውቀው ደግሞ ጃፓን የቀረው የመጀመሪያው ባለቤት ነው። ስለዚህ ባትሪ ሲቀየር ኤሌክትሪኩ እንዳይቋረጥ ሌላ ባትሪ በትይዩ እንዲያገናኝ ለኤሌትሪሺያኑ አስቀድመው ይንገሩት።

የጃፓን ሬዲዮ የሚይዘው ከ76 ጀምሮ እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው፤ በቅርብ ዓመታት የተሠሩት እስከ 95 ይደርሳሉ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ም ሆነ ሸገር 102.1 ያለ ሞገድ ማዛወሪያ አይሰሙበትም። ካርታም ሬዲዮም ካልሰጠ መሣሪያውን በአንድሮይድ ስክሪን መለወጥ ለእኔ ምክንያታዊ ወጪ ነው። ሲያስገጥሙ ግን አንቴናዋ የት እንደምትቀመጥ ቆመው ይመልከቱ፤ ዳሽቦርዱ ከመዘጋቱ በፊትም መኪናውን ከጋራዡ አስወጥተው ሳተላይት መያዙን ያረጋግጡ።

ከዱባይና ከሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጡት ቋንቋቸው ወደ እንግሊዝኛ ስለሚቀየር ተስፋ ይሰጣሉ፤ ካርታቸው ግን የመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የአገሮች ዝርዝር ፍተሻ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ ለቻይና ገበያ የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት እየገቡ ነው። ስክሪናቸው ሰፊና ፈጣን ነው፤ ካርታቸው ግን ጋውዴ ወይም ባይዱ የተባለ የቻይና ካርታ ሆኖ በቻይና ሲም ካርድ የሚሠራ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ባዶ ገጽ ያሳያል። የቻይና ካርታዎች በሕግ በተደነገገ የተዛባ የመለኪያ ሥርዓት ስለሚዘጋጁ፣ አገር ውስጥ እንኳ ከትክክለኛው የጂፒኤስ ነጥብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮች ሊለዩ ይችላሉ። የመኪናውን ዋና ሶፍትዌር ሰብረው ቋንቋና ካርታ የሚለውጡ ባለሙያዎች አሉ። ይሁንና የባትሪውን፣ የማቀዝቀዣውን እና የካሜራውን ሥራ የሚቆጣጠረው ያው ስክሪን በሆነበት መኪና ላይ ለካርታ ብሎ ዋናውን ሶፍትዌር ማስነካት አልመክርም። መኪናው ራሱ ከዩኤስቢ መተግበሪያ መጫን ከፈቀደ ከኢንተርኔት ውጭ የሚሠራ የካርታ መተግበሪያ ይጫኑ፤ ካልፈቀደ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ የተቀመጠ ስልክ ወይም ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ማሳደስ ያዋጣል?

አሜሪካ ውስጥ ቆየት ላለ መኪና የአንድ ጊዜ የካርታ እድሳት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ዶላር ያስከፍላል። በዚያው ዋጋ አካባቢ፣ ካርታው ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚታደስ አዲስ ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ ይገኛል። የካርታው ምንጭም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ቀድሞ ናቭቴክ ይባል የነበረው ሂር የተባለው ድርጅት ለብዙ የመኪና አምራቾችም፣ ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ ለሚሠራው ለጋርሚንም ካርታ ሲያቀርብ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከኖኪያ የገዙትም አውዲ፣ ቢኤምደብሊውና ዳይምለር ናቸው። ልዩነቱ መረጃው ወደ እርስዎ የሚደርስበት ፍጥነት ላይ ነው፤ የመኪና አምራቹ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሲያወጣ፣ የተንቀሳቃሾቹ አምራቾች ቶሎ ቶሎ ያወጣሉ።

እድሳቱ ነጻ ከሆነ ግን ሳያመነቱ ያሳድሱ። ሃዩንዳይና ኪያ በኮምፒውተር የሚጫን የራሳቸው ማደሻ ፕሮግራም አላቸው፤ ማዝዳ ለአዲስ ገዢ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በነጻ ያድስ ነበር፤ ቮልስዋገን በአውሮፓ ለብዙ መሣሪያዎቹ ካርታውን በድረ ገጹ በነጻ ያስቀምጣል። ሻጩ ጋራዥ ገንዘብ ቢጠይቅዎትም እንኳ የመለያ ቁጥርዎን በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ራስዎ አስገብተው ያጣሩ።

በዲቪዲ ለሚሠራ መሣሪያ ክፍያ መፈጸም ግን አይታየኝም። አምራቾቹ ለእነዚህ አዲስ እትም ማውጣት በየተራ እያቆሙ ነው፤ የማጫወቻው ሌንስም አርጅቶ አዲሱን ዲስክ ላያነብ ይችላል። በተመሳሳይ ሁኔታ አሜሪካ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ በየካቲት 2022፣ ቬራይዞን ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ የ3ጂ ኔትወርካቸውን ዘግተዋል። በ3ጂ ይገናኙ የነበሩ መኪኖች የትራፊክ መረጃና በአየር የሚመጣ እድሳት አጥተዋል። ካርታው ከውስጥ ስላለ መምራቱን ይቀጥላል፤ ለተቋረጠው አገልግሎት ግን የደንበኝነት ክፍያ አያድሱ።

ደረጃ 4፦ የተገጠመውን ካርታ ማሳደስ

መጀመሪያ ቤት፣ ሥራ ቦታና ሌሎች ያስቀመጧቸውን አድራሻዎች በወረቀት ወይም በፎቶ ይያዙ፤ አንዳንድ እድሳት ያጠፋቸዋል። ካርዱን ከመኪናው የሚያወጡ ከሆነ ይዘቱን በሙሉ ኮምፒውተርዎ ላይ ይገልብጡ። በብዙ መኪኖች ላይ ካርዱና መሣሪያው የተቆራኙ ስለሆኑ፣ በርካሽ የሚሸጥ ቅጂ ካርድ ወይም የሌላ መኪና ካርድ ይዘቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም ላይሠራ ይችላል።

ቀጥሎ አዲሱ ካርታ ወደ መኪናው የሚወሰድበትን ፍላሽ ያዘጋጁ። አምራቹ የጠየቀውን መጠን ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ነው። ፎርማቱ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ፋት 32 የተባለው ፎርማት ከአራት ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይዝም፤ ኤክስፋት ይይዛል፣ ነገር ግን የቆዩ መሣሪያዎች አያነቡትም። መመሪያው የጠቀሰውን ፎርማት ብቻ ይጠቀሙ፤ ፍላሹ ላይም ሌላ ዘፈንም ሆነ ፎቶ አያስቀምጡ።

የካርታው ፋይል አሥር ጊጋባይት አልፎ ብዙ ጊዜ ከዚያም በላይ ስለሚሆን በስልክ ዳታ ሳይሆን አስተማማኝ በሆነ የቤት ወይም የቢሮ መስመር ያውርዱት። ታሽጎ (ዚፕ ሆኖ) የመጣ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ይፍቱት፤ ከዚያ የተፈቱትን ፎልደሮች ስማቸውን ሳይለውጡ በቀጥታ በፍላሹ መግቢያ ላይ ይገልብጡ። ፎልደሮቹ በሌላ ፎልደር ውስጥ ከገቡ መኪናው እድሳት አልተገኘም ይላል፤ ብዙ ጊዜ ከሽፏል የሚባለው እድሳት ችግሩ ይኸው ብቻ ሆኖ ይገኛል። ፍላሹን ከኮምፒውተር ሲያወጡም በሥርዓቱ ያላቅቁት።

አሁን ወደ መኪናው ይሂዱ። እድሳቱ ከሃያ ደቂቃ እስከ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ባትሪው እንዳይወርድ ሞተሩ መነሳት አለበት። ይህንን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ አያድርጉ፤ የጭስ ማውጫው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል። ብዙ መሣሪያዎች እየተነዳም እድሳቱን ስለሚቀጥሉ፣ ረዘም ያለ ጉዞ ያለበት ቀን ቢመርጡ ይሻላል። ፍላሹን ዳታ በሚያነበው የዩኤስቢ ቀዳዳ ይሰኩ፤ አንዳንዱ ቀዳዳ ለቻርጅ ብቻ ነው። ስክሪኑ ሲጠይቅ ይፍቀዱ፤ ራሱን አጥፍቶ ቢያበራም ፍላሹን አይንቀሉ።

ካበቃ በኋላ በደረጃ 2 ፎቶ ያነሱትን ገጽ እንደገና ይክፈቱና የእትሙ ቁጥር መለወጡን ያመሳክሩ። ካልተለወጠ ፍላሹን በትክክለኛው ፎርማት እንደገና አዘጋጅተው በሌላ ቀዳዳ ይሞክሩ። መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ ፍላሹን በሌላ፣ በታወቀ አምራች በተሠራ ይለውጡ። ይህ ሁሉ ካልሆነ ብቻ ወደ አምራቹ ወኪል ይሂዱ።

ደረጃ 5፦ ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ መግዛትና ማዘጋጀት

ከተማ ውስጥ፣ ኢንተርኔት ባለበትና ትራፊክ በሚበዛበት መንገድ ለሚነዳ ሰው ስልኩ ይበቃዋል። ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ ዋጋው የሚታየው ኔትወርክ በሚጠፋበት ረጅም መንገድ ላይ ነው፤ ካርታው ሙሉ በሙሉ በውስጡ ስላለ የስልክ ጥሪ አያቋርጠውም፣ ዳታ ማለቅም አያቆመውም። አሜሪካ ውስጥ ትልቅ የጭነት መኪና ለሚነዱ ወገኖቻችን ደግሞ ለጭነት መኪና የተሠራውን ዓይነት መግዛት የግድ ነው እላለሁ። የተለመደው ተጎታች 13 ጫማ ከ6 ኢንች ቁመት አለው፤ ተራ የስልክ ካርታ ደግሞ የድልድዩን ከፍታም ሆነ የተፈቀደውን ክብደት አስልቶ መንገድ አይመርጥም። እንደ ጋርሚን ዴዝል ያለው መሣሪያ የመኪናውን ቁመት፣ ርዝመትና ክብደት አስገብተው የሚጠቀሙበት ነው፤ እነዚህን ቁጥሮች ተጎታች በቀየሩ ቁጥር ማስተካከል እንዳይዘነጋ።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ የሞዴሉን ስም መጨረሻ ይመልከቱ። በቆዩት ጋርሚን ኑቪዎች ላይ ኤል እና ኤም የሚሉት ፊደላት መሣሪያው እስካለ ድረስ ካርታው በነጻ እንደሚታደስ፣ ቲ ደግሞ የትራፊክ መረጃ እንደሚጨምር ያመለክታሉ። እስካለ ድረስ የሚለው ቃል ገደብ አለው፤ ሌላው የጂፒኤስ አምራች ቶምቶም እ.ኤ.አ. በ2018 አንዳንድ የቆዩ መሣሪያዎቹ ከዚያ በኋላ ካርታ እንደማያገኙ ማስታወቁ ይታወሳል። ስለዚህ ሻጩ ፊት መሣሪያውን ያብሩ፣ ሰማይ ሥር ሳተላይት መያዙን ይዩ፣ የካርታውን ዓመት ያንብቡ፣ ጀርባው በባትሪ ማበጥ የተነፋ መሆን አለመሆኑን ይፈትሹ። ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ ይዘው የሚገቡ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ አስቀድመው ከጉምሩክ ይጠይቁ።

ለማደስ በኮምፒውተርዎ ላይ ለጋርሚን ጋርሚን ኤክስፕረስን፣ ለቶምቶም ማይድራይቭ ኮኔክትን ይጫኑ፤ አዳዲሶቹ በዋይፋይም ይታደሳሉ። መጀመሪያ የመሣሪያውን ሶፍትዌር፣ ቀጥሎ ካርታውን ያድሱ። በቆዩ መሣሪያዎች ላይ አዲሱ ካርታ ከውስጣዊ ማከማቻው ስለሚበልጥ ቦታ የለም የሚል መልእክት ይመጣል። ያኔ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ጨምሩለት፤ ወይም ከሚቀርበው ምርጫ የሚነዱበትን ክልል ብቻ ይውሰዱ።

ለኢትዮጵያ የሚሻለው ካርታ ግን ከአምራቹ የሚመጣው አይደለም። በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው ኦፕንስትሪትማፕ አገራችንን እስከ ገጠር መንገዶች ድረስ ይሸፍናል፤ ማንም ማረም ስለሚችልም ከለውጡ ጋር ይራመዳል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳን፣ አራት ኪሎንና ቦሌን ከለወጠ ወዲህ የሁለት ዓመት ካርታ እንኳ አዲስ አበባ ላይ ሊያሳስት ይችላል። ይህንን ካርታ ለጋርሚን አዘጋጅተው በነጻ ከሚያቀርቡት ድረ ገጾች ኢትዮጵያን መርጠው ያውርዱ፤ የሚመጣው በአይኤምጂ የሚያልቅ አንድ ፋይል ነው። በፋት 32 ፎርማት በተደረገ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ጋርሚን የሚል ፎልደር በእንግሊዝኛ ፊደል ይፍጠሩ፣ ፋይሉን እዚያ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ካርዱን ወደ መሣሪያው ይመልሱ። ከዚያ በካርታዎቹ ዝርዝር ላይ አዲሱን ምልክት ያድርጉበት፤ ከእርሱ ጋር የሚደራረበውን አሮጌ ካርታ ምልክት ያንሱ። ሁለቱ በአንድ ላይ ከበሩ መሣሪያው ተደናግሮ በማይታይ መንገድ ሲመራ ያገኙታል።

ለመትከል የፊት መስታወቱን ታችኛ ጥግ ይምረጡ፤ የኤርባግ መውጫ ፊት ለፊት አያድርጉት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕጉ የሚፈቅደው በተሳፋሪው በኩል ባለው ታችኛ ጥግ 7 ኢንች በ7 ኢንች፣ በሾፌሩ በኩል ደግሞ 5 ኢንች በ5 ኢንች በሆነ ቦታ ነው፤ በሌሎች ግዛቶች ያለውን ራስዎ ያጣሩ። ኤሌክትሪኩን ከላይተር ሶኬቱ ሲያገናኙ አብሮት የመጣውን ገመድ ይጠቀሙ። ተራ የዩኤስቢ ገመድ ከተሰካበት የቆየው ኑቪ ከኮምፒውተር ጋር የተገናኘ መስሎት ካርታውን ይዘጋል፤ የትራፊክ መቀበያውም በአንዳንዶቹ የተሠራው ገመዱ ውስጥ ነው። መኪናውን ሲያቆሙ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ማቆሚያውንም ያንሱ፤ መስታወቱ ላይ የቀረውን ክብ ምልክትም ይጥረጉ፤ ሌባ የሚፈልገው ያንን ነው።

ደረጃ 6፦ በመንገድ ላይ መፈተሽ

አዲሱን ካርታ ረጅም ጉዞ ላይ ከመታመንዎ በፊት በሚያውቁት ሰፈር ይፈትኑት። በቅርቡ የተከፈተ መንገድ፣ አቅጣጫው የተቀየረ ጎዳናና አንድ አደባባይ የሚያካትት መድረሻ ይስጡት፤ ሦስቱንም ካወቀ ሥራው ተሠርቷል።

በኢትዮጵያ የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ለጂፒኤስ ብዙም ስለማይጠቅም በነጥብ መፈለግን ይልመዱ። ከስልክ ካርታ ላይ ቦታውን ተጭነው ሲይዙ ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው የሰሜን፣ ሁለተኛው የምሥራቅ መለኪያ ነው። አዲስ አበባ 9.0 ገደማ ሰሜን፣ 38.7 ገደማ ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። ሁለቱን አቀያይረው ካስገቡ መሣሪያው ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይወስድዎታል፤ መንገድ አልተገኘም ካለ መጀመሪያ ይህንን ይመርምሩ። መሣሪያው ቁጥሩን በዲግሪና ደቂቃ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ በቅንብሮቹ ውስጥ በአስርዮሽ ነጥብ ወደሚጻፍ ዲግሪ ይለውጡት። በስም ሲፈልጉ አብዛኞቹ መሣሪያዎች የግዕዝ ፊደል ስለማያሳዩ በላቲን መጻፍ ይኖርብዎታል፤ መስቀል፣ ጦር ኃይሎች፣ ጎጃም በረንዳ የሚሉትን ስሞች በተለያየ አጻጻፍ ይሞክሩ።

ያገኟቸውን ትክክለኛ ነጥቦች፣ ማለትም የነዳጅ ወይም የቻርጅ ማደያ፣ ጋራዥና የዘመድ ቤት፣ በተወዳጆች ዝርዝር ውስጥ ያስቀምጡ። ዝርዝሩ እርስዎ የት እንደሚኖሩና የት እንደሚውሉ የሚናገር በመሆኑ፣ ለቤት የተቀመጠው ነጥብ ከደጃፍዎ ይልቅ በአቅራቢያው ያለ አደባባይ ወይም ማደያ ቢሆን ይመረጣል። መኪናውን ሲሸጡ ወይም መሣሪያውን ለሌላ ሰው ሲሰጡ ከቅንብሮቹ ውስጥ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለሻውን ተጭነው አድራሻዎቹን፣ የጉዞ ታሪኩንና ከስልክዎ የተገለበጡትን ቁጥሮች በሙሉ ያጥፉ፤ በአምራቹ ድረ ገጽ የተመዘገበ መለያ ካለዎትም መኪናውን ከዚያ ያስወጡ።